ምሕረት ደመወዝን አይሽርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአድ-ዳኢርና በጂዛን ዙሪያ የምትኖሩ የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገራችን ነርሶች፣ ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ለኑሮ አልበቃንም ብለው ሥራ አቁመው ነበር፤ ከእነርሱም የታሰሩ አሉ። ነገሩ እኛንም ይነካል። አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን የሚያገላብጡ፣ የሚያጥቡ፣ ሌሊት ሲጠሩ የሚነሡ እኅቶች በመካከላችን አሉ፤ የሚከፈላቸው ግን እንደ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። ማስታመም ጽድቅ ከሆነ፣ ዋጋ መጠየቅ ጽድቁን ያጎድላልን?

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን እናስተውል (ሉቃ. 10፥30-37)። ሳምራዊው የቁስለኛውን ቁስል አሰረ፤ በራሱ አህያ ጭኖም ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ብዙ ጊዜ ታሪኩን ስንናገር እዚህ ላይ እናቆማለን። በማግስቱ ግን ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ቢያወጣም ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)። ሳምራዊው የጽድቅ ሥራ ነውና አንተም በነፃ አስታምልኝ አላለውም። ከራሱ ኪስ መጸወተ እንጂ በሌላው ድካም አልመጸወተም።

ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ይፈውሱ እንደ ነበር እናውቃለን። ያ ግን ወደው የሰጡት ስጦታ ነው። ሠራተኛው ወድዶ ሲተወው ስጦታ ይባላል፤ አሠሪው ሲያስቀርበት ግን ግፍ ነው። ጌታም ሐዋርያትን ሲልክ በነፃ እንዲሰጡ አዘዛቸው፤ በዚያው ንግግሩም ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ተናገረ (ማቴ. 10፥8-10)። ኦሪትም የድኻው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ወገን ቢሆን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዝዛለች (ዘዳ. 24፥14-15)።

በሽተኛውስ ምን በደለ? የሚያስታምመው ያጣ ሕመምተኛ በእውነት ይጎዳል። ነርሷም ሥራ ስታቆም የሚጨንቃት ስለዚህ ነው። ለበሽተኛው ማዘኗ ግን ደመወዟን ማሳነሻ ሊሆን አይገባም። ርኅሩኅ በመሆኗ የምትቀጣ ከሆነ፣ ነገ ርኅሩኅ ሰው ከወዴት ይገኛል?

እንግዲህ ከራሳችን እንጀምር። ከቡና እርከን ወይም ከፍየል ጥበቃ የመጣ ወንድም ሲታመም፣ አንዱ ከሥራ ቀርቶ አጠገቡ ይውላል፤ የቀን ገቢውም ይቀርበታል። ለሕክምና ስናዋጣ የአስታማሚውንም የቀን ገቢ አብረን እናስብ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ማለት መልካም ነው፣ ሁለቱ ዲናር ግን ከምርቃቱ ጋር ይሂድ። እኅታችንም የተዋዋለችበትን ደመወዝ ስትጠይቅ ገንዘብ ወዳድ አንበላት፤ የጠየቀችው የድካሟን ነው።

ሕሙማንን ይማርልን፤ አስታማሚዎችን ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።