ስለ በቀል ፍቅርና ስለ ተመልካች ፍርድ

ሰው ቴያትር ፊት ሲቀመጥ ዳኛ መሆን ይወዳል። በገዛ ጉዳዩ ላይ ቁርጥ ነገር ለመናገር የሚያመነታ፤ ጎረቤቶቹ ሲጣሉ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ በሩን የሚዘጋ ሰው እንኳ፤ የድርሰት ሰዎች ሲበዳደሉ ያየ እንደ ሆነ ወዲያው ወንበሩን አስተካክሎ «ይህች ትቀጣ፤ ለዚያችኛዋ ምሕረት ይደረግላት» ይላል። ይህን ልማድ አልነቅፍም፤ ማንንም ሳይጎዱ ፍርድን መለማመድ ከድርሰት ጥቅሞች አንዱ ነውና። ነገር ግን እዚያ የለመድነው አፈራረድ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም፤ ከእኛ ጋር ወደ ትዳራችንና ወደ ጓደኝነታችን ይገባል። ስለዚህ እንዴት አድርገን እንደምንፈርድ አንዳንድ ጊዜ መመርመር የሚገባ ይመስለኛል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የታይላንድ ድራማ ነው። የታይላንድ ሰዎች ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማቸውን «ላኮን» ይሉታል። በ2022 መጨረሻ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ጋፕ» የተባለው የሁለት ሴቶች የፍቅር ታሪክ መታየት ከጀመረ ወዲህ፤ ተመልካቾች «ጂኤል» እያሉ የሚጠሯቸው እንዲህ ያሉ ድራማዎች በየዓመቱ እየበዙ፤ ከታይላንድም ወጥተው በብዙ አገር እየታዩ ሄደዋል። ከእነርሱም አንዱ ወገን የበቀል ፍቅር ነው። አካሄዱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይስተውም። አንዲት ሴት አባቷን ወይም እኅቷን በአንድ ሀብታም ቤተ ሰብ ግፍ አጥታለች። ሐሳቧን ሸሽጋ፤ አንዳንድ ጊዜም ስሟን ለውጣ ወደዚያ ቤት ትገባለች። የምትጠጋው ግን ግፉን የሠራውን ሽማግሌ አይደለም፤ ሴት ልጁን ነው። ልጅቱ እንድትወዳት ታደርጋለች፤ ልትጥላትና ልታዋርዳት ስትሰናዳ ራሷ በዘረጋችው ወጥመድ ትያዛለች። እውነቱ ሲገለጥ ልቅሶ ይሆናል፤ ከልቅሶው በኋላ ይቅርታ፤ ከይቅርታው በኋላ ሠርግ ወይም ሠርግ የሚመስል ነገር።

እዚህ ላይ የሚያቋርጠኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በአገራችን ሕጉም ሃይማኖቶቹም የሁለት ሴቶችን እንዲህ ያለ ፍቅር አይቀበሉም፤ ስለዚህ ብዙ ታላላቆች «አትመልከቱ» ብለው ነገሩን በዚሁ ይዘጉታል። በታይላንድ ግን ከጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ጀምሮ ሁለት ሴቶች በሕግ ይጋባሉ። ያንን ክርክር ዛሬ አላነሣም። ወደ ሰው በሐሰት ቀርቦ ልቡን መስረቅ፤ ሠሪው ወንድ ቢሆን ወይም ሴት ብትሆን፤ ያው አንድ ሥራ ነው፤ የምጠይቀውም ስለዚህ ሥራ ነው።

የወንድሜ ልጅና ጓደኛዋ በአንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እንዲህ ስላለ ድራማ ሲከራከሩ አዳመጥኋቸው። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የባዕድ አገር ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲያሳይ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ያሁኑን ግን በስልካቸው፤ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበቡ ነው የሚያዩት። አንደኛይቱ «አባቷን ገድለውባት ምን ታድርግ?» ትላለች። ሁለተኛይቱ «ማዘኗስ ይሁን፤ ግን ገና አልተቀጣችም፤ ቢያንስ ጥቂት ዓመት ደጅ ልትጠናት ይገባ ነበር» ትላለች። እንደ ሰማሁትም በሌላው አገር ያሉ ተመልካቾች ክርክር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ግማሹ በኀዘኗ ይምራታል፤ ግማሹ ሥቃይዋ አነሰ ይላል፤ የቀረው ደግሞ «ድራማ አይደለም እንዴ? ምን ያከራክራችኋል?» ይላል።

በመጀመሪያው እንጀምር። ኀዘን ያመዛዝናል፤ ይህን የማይቀበል ልበ ደንዳና ነው። ነገር ግን የደራሲዎቹን ብልሃት ልብ በሉ። ዱላው በእውነተኛው በዳይ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ታሪኩ የበቀል ታሪክ ይሆናል እንጂ የፍቅር ታሪክ ሊሆን አይችልም፤ ግፈኛውን ሽማግሌ የሚያፈቅር ተመልካች የለምና። ስለዚህ የምትመታው ልንወዳት የምንችል ንጹሕ ሰው መሆን አለባት። እንግዲህ እያንዳንዱ የበቀል ፍቅር ድርሰት ከመነሻው በንጹሕ ሰው ላይ የሚሠራ ግፍ ነው ማለት ነው፤ ይህም የደራሲው ስሕተት ሳይሆን የታሪኩ ምሰሶ ነው።

ይህ አሠራር በታይላንድ አዲስ አይደለም። «ቻምለይ ራክ» የሚባል፤ ከልብ ወለድ መጽሐፍ ተወስዶ በፊልምም በቴሌቪዥንም ከአንድ ጊዜ በላይ የተሠራ ታሪክ አላቸው፤ በ2008 በቻናል 3 የታየው ዝነኛው ነው። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የፍቅር ተከሳሽ» እንደ ማለት ነው። ወንድሙ በፍቅር ምክንያት ራሱን የገደለበት ሰው፤ ለወንድሙ ሞት ምክንያት ሆነች ያላትን ሴት ጠልፎ ይወስድና ያሠቃያታል፤ የጠለፋት ግን ያችን ሴት አይደለም፤ የአጎቷን ልጅ ነው። ተከሳሽዋ ከክሱ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም! በመጨረሻ ግን ይዋደዳሉ። ታይላንዳውያን እንዲህ ላለው ላኮን «ቶፕ ቹፕ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ጥፊና መሳም ማለት ነው። በዚያው በ2008 በዚያው ጣቢያ በታየው «ሳዋን ቢያንግ» ደግሞ ጀግና የተባለው ሰው በእኅቷ ቂም ይዞ ሴቲቱን እስከ መድፈር ይደርሳል። ኋላ በታይላንድ ራሷ ብዙ ሰዎች ይህን ነቀፉ፤ መንቀፋቸውም መልካም ነበር።

እንግዲህ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ያንን ጠላፊ ወንድ አጥብቆ የሚኰንነው ወጣት ተመልካች፤ በወንዱ ፋንታ ቁንጅናዋ የሚያሳሳ ሴት ስትቆም ፍርዱ ይለዝባል። እርግጥ ነው፤ ጥፊው ቀርቷል፤ በሩም አልተቆለፈም። የሚያለዝበው ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ንቀት የማይገባው ነው። ለብዙ ዘመን በብዙ አገር ፊልምና ድርሰት ሁለት ሴቶች ተዋደው የታዩ እንደ ሆነ መጨረሻቸው ሞት ወይም መለያየት ነበር። ያንን ሲያይ የኖረ ተመልካች ሁለቱ አብረው ሲቀሩ ለማየት ቢራብ፤ ከመራቡም የተነሣ የቀረበለትን ሁሉ ቢበላ አልፈርድበትም። ራብ ግን የምግቡን ጣዕም ለመመስከር የታመነ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው አሳብ ልምጣ። «ሥቃይዋ በቅቷታል» የሚለውና «አልበቃትም» የሚለው የተቃረኑ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም እንባን እንደ ዕዳ ክፍያ ይቈጥራሉ፤ አንዱ ተከፈለ ይላል፤ አንዱ ቀሪ አለ ይላል። ለማን ነው የተከፈለው? ለተመልካቹ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ልቡ የረካ ዕለት ዕዳው ተሰረዘ ይባላል፤ የተታለለችው ልጅ ግን ሒሳቡ ሲታሰብ አልተጠራችም።

በልጅነቴ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት አስተማሪ ነበረችን፤ ታሪክ ካነበበችልን በኋላ ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ታከራክረን ነበር። እኛም በጩኸት ከፋርደን ከፋርደን ስንጨርስ፤ ዘወትር በዚያው ቀዝቃዛ ድምፅዋ «ተበዳዩ የት አለ? ይነሣና ይናገር» ትለን ነበር። ብዙ ጊዜ የተበዳዩን ፋንታ ለመናገር የተመደበ ልጅ አይገኝም ነበር፤ ሁላችንም ጠበቃ ወይም ከሳሽ መሆን እንሻለንና።

ታይላንዳውያን በባህላቸው ይህን ጉዳይ ከድራማቸው ይልቅ የሚያውቁት ይመስለኛል። ሰው ሲሞት ዘመድና ወዳጅ በየተራ ቀርቦ በሟቹ እጅ ላይ ውሃ ያፈስሳል፤ ያን ጊዜም ስለ በደለው ሁሉ ይቅርታ ይለምነዋል። ቂምን የመተውን ቃል «አሆሲካም» ይሉታል። ሟቹ መልስ እንደማይሰጥ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም የሚለምኑት እርሱን ነው፤ ጎረቤቱን አይደለም፤ የተሰበሰበውን ለቀስተኛም አይደለም። መልስ ሊሰጥ ከማይችለው ሰው እንኳ ይቅርታ የሚለመነው ነገሩ የእርሱ ስለ ሆነ ነው።

የተበዳይዋ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማየት የበቀሉን ነገር ለጊዜው ብንተወው ይሻላል፤ በቀል ድምፁ ስለሚያይል ሌላውን አያሰማም። በ2024 ጂኤምኤምቲቪ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ፕሉቶ» የተባለ ድራማ አለ። ከሁለት መንታ እኅትማማች አንደኛይቱ አደጋ ይደርስባትና ራሷን ስታ ትተኛለች፤ ሌላይቱ በእኅቷ ስም ሆና ወደ እኅቷ ፍቅረኛ ትሄዳለች፤ የምትሄደውም ፍቅሩን እንድታቋርጥ ነው። ያች ፍቅረኛ ግን ዓይነ ስውር ናት። እዚህ ላይ ቂም የለም፤ ደም የለም። ሆኖም ማየት የማትችል ሴት የሰማችውን ድምፅና የተነገራትን ስም አምና ልቧን ትሰጣለች። «እሺ» ያለችው ለማን ነው? ለስሙ ነውን? ለድምፁ ነውን? ወይስ እጇን ለያዘችው ሴት? የተታለለ ሰው «እሺ» ያለበትን ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ እሺታው ከእጁ ተሰርቋል እንጂ እርሱ አልሰጠም።

በበቀሉ ድራማ ያለችው ልጅም እንዲሁ ናት። ስለ እርሷ ሲነገር «ልቧ ተሰበረ» ይባላል፤ ይህ አነጋገር ግን በጣም ያንሳል። እውነቱን የሰማች ዕለት የሚጠፋው የነገው ተስፋዋ ብቻ አይደለም፤ ያለፈውም ይበላሻል። ወደ ኋላ ተመልሳ እያንዳንዱን ቀን መመርመር አለባት። ታምሜ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠችው ወዳኝ ነው ወይስ ሥራዋ ስለ ሆነ? ስለ አባቴ የጠየቀችኝ ልታውቀኝ ነው ወይስ ልትይዘው? ያ ሣቅ የእርሷ ሣቅ ነው? «ከዚህ ቀን ጀምሮ ያለው እውነት ነው» ብትላት እንኳ፤ ያን ቀን ማን ይመሰክራል? የምትመሰክረው ያችው የዋሸችው ናት። ገንዘብ የተሰረቀ ሰው የቀረውን ቈጥሮ ስንት እንደ ጐደለው ያውቃል። ይህች ልጅ ግን የትኛው እንደ ተሰረቀ የትኛውም እንደ ቀረ ለማወቅ ምናልባት ዓመታት ያስፈልጋታል፤ ቈጠራውንም ሌላ ሰው ሊቈጥርላት አይችልም። ድራማው ግን ለዚህ ቈጠራ የሚሰጣት የመጨረሻውን ክፍል፤ ከዚያም ከማስታወቂያው የተረፈውን ጊዜ ነው።

ይህ ጥድፊያ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት፤ «ድራማ ነው» የሚሉት ሦስተኞቹ ተመልካቾች ሳያውቁት ይረዱናል። በዚያ አገር ሁለቱ ተዋናዮች የሚቀርቡት ለየብቻ አይደለም። ኩባንያዎቹ አጣምረው ጥንድ ያደርጓቸዋል፤ ታይላንዳውያን «ኩ ቺን» ይሉታል፤ በተመልካች ሐሳብ የተጣመሩ ማለት ነው። በ«ጋፕ» የተጫወቱት ፍሪን ሳሮቻና ቤኪ አርምስትሮንግ በወዳጆቻቸው አፍ «ፍሪንቤኪ» ሆነዋል፤ ሁለት ስም አንድ ቃል። ጥንዱ አብሮ በማስታወቂያ ይሠራል፤ አብሮ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ሕዝቡም ትኬት ገዝቶ ሊያየው ይሄዳል። እንግዲህ ንግዱ በጥንዱ ላይ የቆመ ሲሆን፤ ተበዳይዋ በመጨረሻው ቀን «አልፈልግሽም» ልትል ትችላለችን? ይቅርታው ከበደሉ አስቀድሞ ተሽጧል። ስለ ይቅርታው የሚከራከረው ተመልካች የሚከራከረው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ለእነዚያ ለሁለቱ ልጆች ያን እሑድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ልጅቱ ‘ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ክፉ አልመኝልሽም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ከአንቺ ጋር አልኖርም’ ብትል ይቅርታ አድርጋለች ትላላችሁ ወይስ አላደረገችም?» አልኋቸው።

የወንድሜ ልጅ ሣቀች። «ጋሼ፤ እንዲህማ ከሆነ ይቅር አላለቻትም ማለት ነው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ይቅር ካለቻት ለምን ትለያታለች?»

ጓደኛዋ ግን ስልኩን ከእጇ አስቀመጠችና ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም ዝግ ብላ «ይቅር ማለትና መመለስ እኮ አንድ አይደለም» አለች። የወንድሜ ልጅ «እንዲህ ብሎ የሚያልቅ ድራማ ማን ያየዋል?» ብላ ተቈጣች። ጓደኛዋም «እኔ አየዋለሁ» አለቻት፤ እንደ ገናም ክርክራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ያን ጊዜ ግን የሚከራከሩት ስለዚያች ስለ ተታለለችው ልጅ ነበር።