መሣሪያው፣ ከያኒውና የምርጫ ኃላፊነት

ሰው መሣሪያን ይሠራል፤ መሣሪያውም በተራው የሰውን እጅ፣ ጆሮና አስተሳሰብ ይቀርጻል። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ ሙዚቃ ነው። የዛሬው የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ድምፁን ለመለወጥ ሁለት መንገዶች ቀርበውለታል። አንደኛው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተግባር ብቻ ያላቸውን በእግር የሚረገጡ ፔዳሎች እየመረጡ በገመድ ማቀጣጠል ነው። ሁለተኛው፣ በርካታ የድምፅ መለወጫዎችን በአንድ አካል የሚያጠቃልለውን መልቲ-ኤፌክት የተባለ መሣሪያ መያዝ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ ዋጋን፣ ክብደትንና ምቾትን አመዛዝኖ የሚቋጭ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ከሥሩ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይገኛል፦ ከያኒ ለሚያሰማው ድምፅ ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ወደ ነገሩ አመጣጥ መመለስ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1961 ለሕዝብ የቀረበው የአሜሪካዊው ድምፃዊ የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተሰኘ ዘፈን ናሽቪል ከተማ ውስጥ ሲቀረጽ፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው አንድ ክፍል ተበላሽቶ ኖሮ የባስ ጊታሩ ድምፅ ሻክሮና ተሰነጣጥቆ ወጣ። ብልሽት ነበርና ተሰርዞ እንደገና ሊቀረጽ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን በዘፈኑ ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ሻካራነት ሆን ብሎ የሚፈጥር መሣሪያ አዘጋጀ፤ ጊብሰን ኩባንያም በ1962 ማየስትሮ ፈዝ-ቶን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተሰኘው ዘፈን ላይ በዚህ ፔዳል የተጫወተውን ዜማ፣ ኋላ በትንፋሽ መሣሪያዎች የሚተካ ረቂቅ አድርጎ ነበር የቆጠረው። ረቂቁ ግን እንዳለ ወጣ፤ ዓለምም በዚያው አወቀው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብልሽቱን ወደ ውበት የለወጠው የማሽኑ ብልሃት አልነበረም፤ የሰማው ሰው «ይህ ይቆይ» ብሎ መወሰኑ ነው። እያንዳንዱ የድምፅ መለወጫ በመሠረቱ አንድ ጊዜ አንድ ጆሮ የሰጠው ውሳኔ፣ በሽቦና በብረት ታሽጎ የተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል።

የነጠላ ፔዳል ደጋፊዎች ክርክራቸውን የሚመሠርቱት በዚሁ ላይ ነው። ፔዳሎችን አንድ በአንድ የሚያሰባስብ ሰው ቅደም ተከተላቸውን ራሱ መወሰን አለበት። ድምፅ የሚያሻክረው ፈዝ ቀድሞ፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው ዲሌይ ሲከተል፣ እያንዳንዱ ማሚቶ ተለይቶ ይሰማል፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ማሚቶዎቹ ተደራርበው በአንድነት ይሻክራሉ። ጂሚ ሄንድሪክስ ይጠቀምበት የነበረው ፈዝ ፌስ፣ የጊታሩ የድምፅ መጠን ቁልፍ ዝቅ ሲል ሻካራነቱን ቀንሶ ይጠራል፤ በመሆኑም ተጫዋቹ በእጁ ጣቶች ከእግሩ ሥር ያለውን መሣሪያ ይገራል። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው ከአንድ መሣሪያ ጋር ረጅም ጊዜ በመኖር ነው። ጥቂት ነገር ያለው ሰው ያለውን እስከ ጥግ ድረስ ለማወቅ ይገደዳልና።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የራሱ ድክመት አለው። ስድስትና ሰባት ፔዳሎችን ከነገመዳቸውና ከነኃይል ምንጫቸው መግዛት የሚችለው ማን ነው? ድምራቸው ከአንድ መካከለኛ መልቲ-ኤፌክት ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። በእጅ የሌለን ነገር «መርጦ መተው» አይቻልም፤ ከጥጋብ ተነሥቶ ስለ ቁጥብነት መስበክም ፍትሐዊ አይሆንም። ከዚህም በላይ ፔዳል መሰብሰብ ራሱ ልምምድን የሚተካ ከንቱ ፍቅር ሊሆን ይችላል። በ1977 ነጠላ ፔዳሎችን በትንሽ አካል ማምረት የጀመረው የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ ኋላ መልቲ-ኤፌክቶችንም ሠርቷል፤ ሁለቱ መንገዶች ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች እንጂ የጽድቅና የኃጢአት ተምሳሌቶች አይደሉም። በመድረክ ላይም ሦስት ነገሮችን በአንድ እርግጫ መለወጥ መቻል፣ ሐሳቡን ከእግሩ ላይ አንሥቶ ወደ ዜማው ለሚመልስ ተጫዋች ትልቅ እፎይታ ነው።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። መልቲ-ኤፌክት ከፋብሪካ ሲወጣ በሌሎች የተዘጋጁ፣ የዝነኞችን ቃና የሚመስሉ ድምፆች ተሞልተውበት ይመጣል። ወጣቱ ተጫዋች ቁልፉን እያዞረ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የመረጠ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሌሎች የመረጡትን እየጎበኘ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ ምክንያቱን የማያውቁት ድምፅ የራስ ሊሆን አይችልም። የአማራጭ ብዛት ነፃነት የሚሆነው ከጀርባው የሚወስን ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ በተቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥ የዋ-ዋ ፔዳል ድምፅ ይሰማል። ፔዳሉ በዚያን ዘመን የአሜሪካ ባንዶች የሚረግጡት ዓይነት ነው። ሆኖም ሙዚቃው የእነርሱ ግልባጭ አልሆነም፤ ምክንያቱም መሣሪያው የገባው የኢትዮጵያን ቅኝቶች አስቀድሞ በሚያውቅና የሚፈልገውን በለየ አእምሮ ሥር ነው። ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን የሚያውቅ ጆሮ በየትኛውም ሣጥን ውስጥ አይሸጥም።

እንግዲህ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ያለ መምህር፣ ለአሥር ተማሪዎች አንድ መልቲ-ኤፌክት ብቻ ቢኖረው ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መለወጫ አጥፍቶ፣ ጊታሩን እርቃኑን ቢያሰማቸው መልካም ይሆናል። ከዚያም አንድ መለወጫ ብቻ ያብራ፤ ተማሪውንም «ይህ ለዜማው ምን ጨመረለት? ምንስ ወሰደበት?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ያገኘለት ይቆይ፤ መልስ ያላገኘለት ይጥፋ። በዚህ ሁኔታ የሠለጠነ ተማሪ ነገ ነጠላ ፔዳል ቢገዛም ሆነ ያንኑ ሣጥን ይዞ ቢቀጥል፣ ከመድረክ ሲወርድ ስላሰማው ድምፅ ለሚጠይቀው ሁሉ ራሱ መልስ ይሰጣል።