ግብፅ እንውረድ ወይስ እንቅር?



ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ወዲያው ኦምዱርማንም ደረሰ። ነገ ፋሲካ ነው ብለን ስንዘጋጅ የነበርን ሰዎች የተኩስ ድምፅ እየሰማን በየቤታችን ተዘጋን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአፋችን አልጠፋም፦ እንሂድ ወይስ እንቅር? አንዱ በሃልፋ በኩል ግብፅ እንግባ ይላል። ሌላው በገዳሪፍ አድርጌ መተማ ልሻገር ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊቢያ ይላል። ሌላዋ ደግሞ ልጆቿን አቅፋ «የት እሄዳለሁ፣ የመጣው ይምጣ» ትላለች።

ጭንቀቱ ሲበዛ መጽሐፍ ቅዱስ እናነሣለን። ደግ አደረግን። ግን እንዴት ነው የምናነሣው? ብዙ ጊዜ ዓይናችንን ጨፍነን ገጹን ገለጥ እናደርግና ጣታችን ያረፈበትን ቁጥር «ይኸው፣ ጌታ ተናገረኝ» እንላለን። ከዚያ ሻንጣ ማሰር ነው፤ ወይም ሻንጣ መፍታት።

እስቲ በዚህ መንገድ ስለ ግብፅ እንጠይቅ። ጣታችሁ ዘፍጥረት 12 ላይ ቢያርፍ፣ አብርሃም ረሀብ ጸንቶበት ወደ ግብፅ ሲወርድ ታገኛላችሁ። «እሱም ሄዷል፣ እኔም ልሂድ» ትላላችሁ። ዘፍጥረት 26 ላይ ቢያርፍ ግን፣ እንደገና ረሀብ ሆኖ ሳለ እግዚአብሔር ይስሐቅን ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ይከለክለዋል። ዘፍጥረት 46 ላይ ቢያርፍ፣ ሽማግሌው ያዕቆብ ቤርሳቤህ ደርሶ ወደ ግብፅ ለመውረድ እንዳይፈራ ይነገረዋል። ኤርምያስ 42 ላይ ቢያርፍ፣ ከኢየሩሳሌም ጥፋት የተረፉት ሰዎች ወደ ግብፅ እንዳይሄዱ ይነገራቸዋል። ማቴዎስ 2 ላይ ቢያርፍ ደግሞ መልአኩ ዮሴፍን በሌሊት ቀስቅሶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ ያዝዘዋል።

አገሩ ያው ግብፅ ነው። አንዱን «ውረድ» አለው፣ ሌላውን «አትውረድ» አለው። ታዲያ መጽሐፉ እርስ በርሱ ይጣላል? አይጣላም። እኛ ነን ከሰውየው ታሪክ መካከል አንዲት ቁጥር ቆርጠን የምናወጣው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ከመካከሉ አንድ መስመር ብቻ አንብቦ አይነሣም፤ ከሰላምታው ጀምሮ እስከ ፊርማው ያነብበዋል።

አምስቱን ታሪኮች ከዳር እስከ ዳር ስናነብብ ግን ጣታችን በአንድ ቁጥር ላይ አርፎ የማያሳየን ነገር ይታያል። ይስሐቅን «አትውረድ» ሲለው አብሮት እንደሚሆን ቃል ገባለት። ያዕቆብን «ውረድ» ሲለውም አብሮት እንደሚወርድ ቃል ገባለት። በኤርምያስ ጊዜ ለነበሩት፣ ኃይለኛውን የባቢሎን ንጉሥ ፈርተው ለሚንቀጠቀጡትም፣ ሊያድናቸው ከእነርሱ ጋር እንደሆነ ነገራቸው። በማቴዎስ ደግሞ ወደ ግብፅ የተሰደደው ሕፃን ራሱ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ አማኑኤል ተብሏል፤ ትርጉሙም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። መንገዱ ለየሰው ተለያየ፤ ተስፋው ግን አንድ ነው። ይህን የሚሰማው ገጽ እየገለጠ ዕድሉን የሚሞክር ሰው አይደለም። ዕለት ዕለት በተራ የሚያነብብ ሰው ነው።

ሁለተኛ ነገርም አለ። አብርሃም ግብፅ ሲወርድ እግዚአብሔርን እንደጠየቀ አልተጻፈም። ራሱን ለማዳን ሲል ሚስቱን «እኅቴ ናት» አለ፤ ሣራም በእርሱ ፍርሃት ምክንያት ፈርዖን ቤት ገባች። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ስለ ጉዞው ገና ሳይወስን እንኳ አንድ መሪ ቃል አግኝቷል፦ የምሄድ ከሆነ ሚስቴን፣ እኅቴን፣ የሰው ልጅ መያዣ አድርጌ አልሄድም። ደላላው «ሴቷ ትቅደም፣ ገንዘቡን በኋላ ትከፍላለህ» ሲለው መልሱን ያውቃል። ይህ ምሪት አይደለም ወይ? ብዙ ጊዜ ከእግዚአብሔር «የት» የሚለውን ስንጠብቅ እርሱ «እንዴት» የሚለውን ነግሮን ጨርሷል።

ሦስተኛውን ከኤርምያስ 42 እና 43 እንስማ። እነዚያ ሰዎች ለእኛ በጣም ይቀርቡናል። ከተማቸው ፈርሷል፤ አለቃቸው ተገድሏል፤ በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ወደ ግብፅ ለመሄድ ተነሥተዋል። ነቢዩን «ጸልይልን፤ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን የሚለንን እንታዘዛለን» አሉት። መልሱ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለፈራ ሰው 10 ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም እናንተ ታውቁታላችሁ። መልሱ ሲመጣ ግን ነቢዩን ውሸታም አሉት፤ ልባቸው አስቀድሞ ሄዶ ነበርና። የጠየቁት ፈቃድ እንዲሰጣቸው ነበር፣ ምሪት እንዲሰጣቸው አልነበረም። ዛሬም «ጌታ በሕልም ነገረኝ፣ በረሃውን ግባ ብሎሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚናገረው ልባችን የሚፈልገውን ከሆነ ቶሎ አሜን እንላለን። ቃሉን በየቀኑ ያልለመደ ጆሮ የጌታን ድምፅ ከደላላ ድምፅ በምን ይለያል?

ይህን ስል «ቅሩ» ማለቴ አይደለም፤ «ሂዱ» ማለቴም አይደለም። እሱን በጸሎት፣ ከቤተሰብና ከሚያምኑት ሽማግሌ ጋር መክሮ የሚወስነው እያንዳንዱ ነው። የምለው አንድ ነው፦ ምሪት የሚሰማው ችግር የመጣ ቀን ብቻ በሚከፈት መጽሐፍ አይደለም። በመዝሙር 119 ቃሉ ለእግር መብራት ተብሏል። ሌሊት በመጠለያው መካከል ባትሪ ይዛችሁ ስትሄዱ የሚታያችሁ የሚቀጥለው እርምጃ ነው፤ መንገዱ በሙሉ አይታይም። ግን ካላጠፋችሁት፣ እየተራመዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ያበራል።

ጊዜ የለኝም፣ ቦታ የለኝም፣ ስደተኛ ነኝ የሚል ካለ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ላስታውሰው። አቡ ሩሚ ይባላሉ። ከአገር ወጥተው ብዙ ምድር ዞረዋል፤ ካይሮ ላይ ታመው በባዕድ ሰው እርዳታ ነው የዳኑት። ያ ሰው፣ አስሊን የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ባለ ሥልጣን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲመልሱ አብሯቸው ተቀመጠ። ለ10 ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ዘግተው፣ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው አነበቡ። አቡ ሩሚ ሥራቸው ሲታተም ሳያዩ አረፉ። በእነርሱ አቆጣጠር በ1824 ወንጌላት፣ በ1840 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታተመ። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከስደተኛ እጅ ነው የወጣው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ሳይቋረጥ።

«አነብባለሁ፣ ግን አይገባኝም» ለሚል ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 8 አለ። የንግሥት ህንደኬ ባለ ሥልጣን ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብብ ነበር። ህንደኬ የሚባሉት ንግሥታት ዙፋን የነበረበት መርዌ ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሰውየው ወደዚህ ወደ እኛ አካባቢ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ያነበበው አልገባውም። ግን ማንበቡን አልተወም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብብ ስለነበር ፊልጶስ ሰማው፣ ቀርቦም አስረዳው። የሚያነብበው ክፍል ኢሳይያስ 53 ነበር። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ወደ ፊት ቢሄድ፣ በ56 ላይ፣ እግዚአብሔር ለመጻተኛና ለጃንደረባ በቤቱ ስፍራ እንደሚሰጥ የተጻፈው ይጠብቀዋል። እሱ መጻተኛም ጃንደረባም ነበር። በተራ የሚያነብብ ሰው የራሱ ቃል ወዳለበት ገጽ ይደርሳል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንዲህ እናድርግ። ሰኞ ዘፍጥረት 12፣ ማክሰኞ ዘፍጥረት 26፣ ረቡዕ ዘፍጥረት 46፣ ሐሙስ ኤርምያስ 42 እና 43፣ ዓርብ ማቴዎስ 2 እናንብብ። ቅዳሜ ከአምስቱ ልባችንን የነካውን ደግመን እናንብብ። ካነበብን በኋላ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ እግዚአብሔር እዚህ ምን አደረገ? ሰውየው ምን አደረገ? እኔ ዛሬ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ምን ላድርግ?

መጽሐፍ የሌለው ካለው ጎረቤት ጋር ይቀመጥ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉን፤ ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። ቡና ሲፈላ አንድ ምዕራፍ ማንበብ ይቻላል፤ የራሽን ሰልፍ ላይ ቆሞም ይቻላል። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ ከቆማችሁበት ቀጥሉ። እሑድ ከጸሎት በኋላ እንገናኝና የሰማነውን እንነጋገር።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ፣ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ግብፅ የተሰደደው ጌታ፣ የምንሄደውን በመንገድ፣ የምንቀረውን በድንኳናችን ይጠብቀን። ጆሯችንን ይክፈትልን። አሜን።