ሕፃናትና የጓሮው መደብ

ማዕድ ተዘርግቶ ጸሎት ሲደርስ ሕፃናቱም ከእኛ ጋር ቆመው አሜን ይላሉ። ዳሩ ግን አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በፊቱ የቀረበው ጎመን ከመደብሩ መደርደሪያ አስቀድሞ የት እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ዘራው፣ ስንት ወር እንደ ፈጀ ፈጽሞ የማያውቅ ከሆነ የሚያመሰግነው ስለ ምንድን ነው? ምስጋና ውለታን ከማወቅ ይወለዳል። ውለታውን ሳያውቅ «ተመስገን» የሚል አንደበት ጨዋ ይባል ይሆናል እንጂ ገና አመስጋኝ አልሆነም። ስለዚህ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ በስደት አገር የሚያድጉትን ሕፃናት አንድ መደብ ጎመን እንዲያበቅሉ ማስተማር የወላጅ ግዴታ ነውን? ወይስ ጊዜ ለተረፈው ሰው የሚሆን መዝናኛ ነው?

ብዙ ወላጆች ሁለተኛው ነው ይላሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። በቀን ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ ሌሊቱን በሆስፒታል ስታስታምም ያደረች እናት ለጓሮ የሚሆን ጉልበት ከየት ያመጣሉ? አፈሩ፣ ዘሩ፣ ውኃው፣ አጥሩ ሲደመርም የጓሮው ጎመን ከመደብሩ ሊወደድ ይችላል። ይህን እንቀበላለን፤ ገንዘብ ይቆጠባል ብለን አንከራከርም። የማንቀበለው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ነው፤ «እኛ የተሰደድነው ልጆቻችን ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ እንጂ አፈር እንዲገፉ አይደለም» የሚለውን።

በዚህ ቃል ውስጥ አንድ የቆየ በሽታ አለ። በቋንቋችን «ገበሬ» እና «ባላገር» የሚሉት ስሞች እንደ ስድብ የሚወረወሩበት ጊዜ አለ፤ በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆችም ከአማርኛ ጥቂት ቃላት ሲለቅሙ ይህን አብረው ይለቅማሉ። የሚሰደበው ሰው ማን እንደ ሆነ እናስብ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ያለቀው ከሁሉ አስቀድሞ ሌላውን ሲመግብ የኖረው የገጠር ሰው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የረኃብ ጥናት እንዳመለከቱት፣ በዚያ በመጀመሪያው የረኃብ ዘመን ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበረ። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚገዛበት አጥቶ እህሉ በፊቱ አለፈ ማለት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ አገራቸው ረኃብ ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ። አራሹን እየናቀ ያደገ ልጅ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሊኖረው አይችልም፤ የሚያፍረው በበደሉት ሳይሆን በተበደሉት ነውና።

ቅዱስ መጽሐፍም ከዚህ ንቀት ጋር አይስማማም። የምድር ሥራ በአዳም ላይ የወረደ ቅጣት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። የኦሪት ዘፍጥረት ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። ገነትን የመንከባከብና የመጠበቅ ሥራ ለአዳም የተሰጠው በምዕራፍ 2፣ ገና ሳይበድል ነው። እሾኹና ላቡ የመጡት በምዕራፍ 3፣ ከውድቀት በኋላ ነው። እንግዲህ ርግማኑ የሥራው ድካም እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ሕፃን ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ አፈር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አፈርን መጸየፍ የሚያስተምረው ትልቅ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ጓሮ እንኳ አይጠይቅም። ከጓዳ ጥቂት ድፍን ምስርና ጥቂት የምስር ክክ ወስዶ በሁለት ሳህን በረጠበ ጥጥ ላይ ማኖር ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ድፍኑ ያቆጠቁጣል፤ ክኩ እዚያው ይበሰብሳል። ሁለቱም ለወጥ ይሆናሉ፤ ለዘር የሚሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ የተከካው ቡቃያው የሚወጣበት ክፍል ተጎድቷልና። ለአራት ዓመት ሕፃን በእህል ውስጥ ሕይወት እንዳለ ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ስብከት አናውቅም።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ለምንኖር ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ያልታሰበ አጋዥ ይሆነናል። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ይተከላል፤ የብርዱን ወራት በመሬት ውስጥ አሳልፎ በሰኔ ይነቀላል፤ ያ ብርድ ባያገኘው ራሱ በደንብ አይከፋፈልም። ቃሪያና በሶብላ ውርጭ አይችሉምና ግንቦት ልደታን ጠብቆ ወደ ውጭ ማውጣት ይሻላል፤ ንፍሮው በሚቀቀልበት ዕለት ልጆቹ ችግኝ ቢተክሉ በዓሉም አይረሳቸው። ሕፃናት ከአጽዋማት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ሲገባ ቃሪያውና ቲማቲሙ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ራሱ ባበቀለው የሚጾም ልጅ ጾምን እንደ ማጣት ብቻ አይቆጥረውም። ዘመነ ክረምትም አለ። ከሰኔ 26 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘርና ስለ ዝናም ስትዘምር ውጭው የአሜሪካ ሐሩር ነው፤ ልጆቹ ይህ ግራ ያጋባቸዋል። በሐምሌ ፀሐይ የጠወለገ መደብ ሲያጠጣ የሰነበተ ልጅ ግን በቅዳሴ ስለ ዝናም የሚጸለየው ለምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወራቱን ገልብጡት፤ እዚያ የሚዘራው ሐሩሩ ሲያልፍ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። በአሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ቤቶች ዙሪያ ያለው አፈር ከአሮጌ ቀለም የወረደ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። አፈሩን ማስመርመር፣ አለዚያም በሣንቃ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ንጹሕ አፈር መሙላት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልባችን የሚያዘነብለው ወደ አያቶች ነው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ቀኑን በአፓርታማ ውስጥ ዝም ብለው ይውላሉ። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ ከእነርሱ ይልቅ የአገሩን ቋንቋ ያውቃል፤ በአምስት ዓመቱ አስተርጓሚያቸው ይሆናል፤ ሳይታወቀውም እንደማያውቁ ሰዎች ማየት ይጀምራል። አንድ መደብ አፈር ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ዘሩ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚገባ፣ ጎመኑ ከታች ሲቀነጠስ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ፣ ጤና አዳም የት ጥግ እንደሚወድ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ልጁ መጠየቅ አለበት፤ መጠየቅ ያለበትም በአማርኛ ነው። ኰተኰተ፣ አረመ፣ ነቀለ፣ ቀነጠሰ የሚሉትን ግሶች በእሑድ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ጽፈን ከምናስተምር ይልቅ ከአያቱ እጅ ቢቀበላቸው ይጸናሉ።

የሚከብደው ነገር ተክሉ ሲሞት ነው። ልጁ ቃሪያውን በየቀኑ አጠጥቶ አንድ ቀን ጠዋት ደርቆ፣ ወይም ጥንቸል በልታው ያገኘዋል። እንዳያለቅስ ብለው በሌሊት ከመደብር ሌላ ችግኝ ገዝተው በቦታው የሚተክሉ ርኅሩኅ ወላጆች አሉ። ርኅራኄያቸውን እናከብራለን፤ ሥራቸውን ግን አንደግፍም። ሐሰት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚሰጠው ትምህርት ክፉ ስለሆነ ነው፤ የደከመ ሁሉ ያገኛል የሚል ትምህርት። እንዲህ ያመነ ልጅ የተራበውን ሰው ሲያይ «ባይደክም ነው» ማለቱ አይቀርም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታችን የሚናገርለት ዘሪ ዘሩን ከጣለ በኋላ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ግን አያውቅም። ከሰው እጅ ውጭ የሆነ ነገር እንዳለ ሕፃኑ በአንድ ቃሪያ ቢማረው፣ ኋላ በከበደ ነገር ከሚማረው ይቀልለታል።

«አጠጥቼው ነበር፤ ለምን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ «አላጠጣኸውም» አይባል፣ አጠጥቶታልና። አብሮ መቀመጥ፣ ሥሩን ነቅሎ አብሮ ማየት፣ ትል ካለበትም ማሳየት ነው። ወራቱ ካላለፈ ልጁ ራሱ ሌላ ይትከል፤ ካለፈም መደቡ እስከ ጥቅምት ባዶውን ይቆይና ነጭ ሽንኩርት ይግባበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።