ድንጋዩን በእውነተኛው ቀለሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አንሥተው በጌልገላ እንዲያቆሙ እግዚአብሔር አዘዛቸው። ምክንያቱም በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ተጽፎ ይገኛል። በኋላ ዘመን የሚነሡ ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የሆነውን ሁሉ እንዲነግሯቸው ነው። እንግዲህ ድንጋይ ብቻውን አይናገርም፤ ልጅ ሊጠይቅ፣ ታላቅም ሊመልስለት ይገባል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ራሳችንን የምንጠይቀው፣ የምንሰጠው መልስ እውነት ነውን? ብለን ነው።

እኛ በአሊዩ አምባ ሕፃናትን የምናስተምር ወጣቶች፣ በመስመር ብቻ የተነደፈውን የቤተ ጊዮርጊስ ዘላሊበላን ሥዕል አባዝተን እናድላቸዋለን። እነርሱ በባለ ቀለም እርሳስ ሲቀቡ እኛ እየዞርን ታሪኩን እንነግራቸዋለን። አብዛኞቹ ላሊበላን አይተው አያውቁም፤ ስለዚህ ያች ወረቀት የመጀመሪያ ጉዟቸው ናት።

ሥዕሉን እያሳየን ይህ ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ እንዳልተሠራ እናስረዳቸዋለን። ሠራተኞቹ ዐለቱን ዙሪያውን ቆፍረው ለዩት፤ ከጣሪያው ወደ መሠረቱ እየወረዱም ውጭውን ጠረቡ፣ ውስጡንም ፈለፈሉ። ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። ቤቱ ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ በጣሪያውም ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸውበታል። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያኖራል። ከአንድ ዐለት የሚጠርብ ሰው ግን የቆረጠውን መልሶ ሊቀጥል አይችልም።

ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም ነው። ትውፊታችን ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ እንደ ነበር ይነግረናል። ሕፃናቱ በሥዕሉ ዳር መላእክትን መጨመር ይወዳሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ትውፊቱ ቀን የሠሩትንም አልዘነጋምና፣ ዶማና መሮ የያዘውን የሰው እጅ እንዲያስቡት እናደርጋለን።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «በምን ቀለም እንቀባው?» የሚል ነው። አንዱ ወርቃማ ይላል፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይላል። እውነተኛው የዐለቱ ቀለም ወደ ቀይ ያደላ ነው፤ የድንጋይ ሽበትም በየቦታው ቢጫ አድርጎታል። ሕፃን ወርቃማ ቢቀባው ጨዋታ ነው። የሚያስተምረው ታላቅ ግን ወርቅ ነበረ ብሎ ቢናገር ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል፤ የቤቱንም ክብር ይቀንሳል። የሚደንቀው ተራ ዐለት የጸሎት ቤት መሆኑ ነውና። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎአል። እውነቱ ራሱ ይበቃ ነበር።

ወገኖቼ! ይህን ትምህርት ወደ ገዛ ደጃችን ስናመጣው ይከብዳል። አሊዩ አምባም ልጆች የሚጠይቁበት ታሪክ አላትና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች ጊዜ፣ ከሥሯ ያለችው አሊዩ አምባ የታወቀች ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ በካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ በኩል ወደ አንኮበር ወጥቷል። ይህን በደማቅ ቀለም መንገር ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ ያለፈው ጨውና ቡና፣ የዝሆን ጥርስም ብቻ አልነበረም። ሰዎችም እንደ ዕቃ ተሸጠው ወደ ባሕር ተነድተውበታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ እርሳስ ይዘው ከፊታችን እንደሚቀመጡት ያሉ ልጆች ነበሩ።

አንዳንዱ «ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ እንጂ አልገለጡም፤ እናንተ የአባቶችን ገመና ለምን ታወጣላችሁ?» ይለን ይሆናል። ክብደት ያለው ቃል ነው። ነገር ግን የልጆቹን መልካም ሥራ የነገረን መጽሐፍ፣ ኖኅ ጠጥቶ መስከሩንም በዚያው ምዕራፍ ነግሮናል። የዳዊትንም ኀጢአት አልደበቀም። በወላጅ ላይ መሳቅ አንድ ነገር ነው፤ በፍቅርና በኀዘን እውነቱን መናገር ሌላ ነው። ደግሞስ የጌልገላን ድንጋዮች ያቆሙት እነማን ነበሩ? ከግብፅ ባርነት የወጡ ሰዎች ልጆች አይደሉምን? እግዚአብሔር የባሮችን መከራና ነፃነት ለመታሰቢያ በድንጋይ ካቆመ፣ በገበያችን የተሸጡትን እኛ ከታሪካችን ልንፍቅ እንዴት እንደፍራለን?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕፃን ስለ ላሊበላ ሲጠይቀን ጠራቢዎቹንም መላእክቱንም እንንገረው። ስለ አሊዩ አምባ ሲጠይቀን ነጋዴውንም የተሸጠውንም እንንገረው፤ ባርነት በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ እንደ ታገደም እንጨምርለት። በዕድሜው ልክ፣ ሳናስፈራራው፣ ሳንዋሸውም። ስማቸውን የማናውቃቸውን እነዚያን ልጆች በጸሎታችን እናስባቸው፤ እኛ ባናውቃቸው አምላካቸው ያውቃቸዋልና። ጎረቤታችን ማንም ይሁን ማን፣ ሃይማኖቱም የትኛውም ቢሆን፣ ዋጋ የማይቆረጥለት የእግዚአብሔር አምሳል መሆኑን የሚያውቅ ትውልድ በዚህ ትምህርት ያድግልናል።

እውነትን የሚወድ አምላክ እጃችንንም አንደበታችንንም ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ይቆየን።