የኪቡካ አጥንትና የመርማሪው ዕዳ

የጥንት ሙታንን ቅሪት በሳይንስ መመርመር ኃጢአት ነውን? ብለው የሚጠይቁን ምእመናን አሉ። ለመልሱ በዩጋንዳ፣ በካምፓላ የሆነውን እንመልከት፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባጋንዳ ሕዝብ ኪቡካን የጦርነት አምላክ አድርጎ ያመልከው ነበር። እንደ ትውፊታቸው በደመና ውስጥ ሆኖ ከቡኞሮ ሰዎች ጋር ሲዋጋ በቀስት ተወግቶ ወደቀ፤ የመንጋጋ አጥንቱና የደረቀ የሥጋው ቅሪትም በቤተ ጣዖቱ ይጠበቅ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆን ሮስኮ የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ይህን አግኝቶ ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም አስረከበ፤ በ1907ም ስለ ኪቡካ ጽፎ አሳተመ። ቅሪቱ በተመረመረ ጊዜ ኪቡካ መንፈስ ሳይሆን ሥጋና አጥንት የነበረው ሰው እንደ ነበረ ሊቃውንቱ አስረዱ። እኛም በዚህ አናዝንም፤ እውነት ነውና።

ዳሩ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አምላክ አለመሆኑ ሲታወቅ ሰው መሆኑም ታወቀ። ጣዖትን በመደርደሪያ ማኖር ማንንም አይበድልም ይባል ይሆናል፤ ሰውንስ? ሰውነቱን ያስመሰከሩት እጆች ከሃምሳ ዓመት በላይ በዕቃ ረድፍ አኖሩት። ይህንም የጀመረው ከሓዲ አልነበረም፤ እንደ እኛ የወንጌል ሰባኪ ነበር እንጂ።

ምርመራውን ራሱን አንነቅፍም። የግብፁን ንጉሥ ቱታንክሃሙንን ሬሳ በ1925 ከሣጥኑ ለማላቀቅ ቆራረጡት፤ በ2005 ግን ያለ ቢላዋ፣ በሲቲ ስካን ጨረር፣ 19 ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደ ሞተ ተረዱ። መሣሪያው ለዘበ፤ ሙቱን ማን አስፈቀደው? የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ሙት አይመልስምና ስለ እርሱ የሚመልሱ ወገኖቹ ናቸው። ዮሴፍም እንደ ግብፃውያን ሥርዓት ሬሳው በሽቱ ታሽቶ በሣጥን ቢቀመጥ፣ አጥንቱ ወደ አባቶቹ ምድር እንዲሄድ አስቀድሞ አስምሎ ነበር።

አጥንቱ ሲመለስ ጣዖቱም ይመለሳል ብለው የሚፈሩ ወንድሞች አሉ። ጣዖት የሚወገደው በትምህርት እንጂ በካምብሪጅ ቁልፍ አይደለም። ካባካ ሙቴሳ ቀዳማዊ በ1884 በሞተ ጊዜ፣ እንደ ቀደሙት ነገሥታት መንጋጋው ሳይለይ ሙሉ አካሉ በካሱቢ ኮረብታ ተቀበረ፤ ለዚህም የማንም አጥንት ባሕር መሻገር አላስፈለገውም።

የኪቡካ ቅሪት ዩጋንዳ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1962 ወደ ካምፓላ ተመለሰ። የተቀበለው ግን የዩጋንዳ ሙዚየም ነው። ከሙዚየም ወደ ሙዚየም መሄድ መመለስ ነውን፣ ወይስ የመንገዱ እኩሌታ? ይህን መፍረድ የባጋንዳ ወገኖቹ ነው።