ወረራና ተራ

በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ውስጥ የዛሬውን ቼዝ ብቻ የለመደ ሰው ሲሰማው ግራ የሚጋባበት አንድ ደንብ አለ። የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ አንዱ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከተለ ያሰኘውን ያህል ያንቀሳቅሳል። ፈረሱን ያወጣና ተቃዋሚው ወጥመድ ሲያበጅለት ባየ ጊዜ መልሶ ያስገባዋል፣ መደቆቹን ያራምዳል፣ አሰላለፉን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ ሁሉ ሩጫ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አንድ ሰው፣ አንድ ተራ፣ አንድ እርምጃ ይሆናል። (እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው ይህ ጨዋታ ከዚያ በኋላ እየደበዘዘ መሄዱ፣ ከስሙ ጋር ሲታሰብ፣ የታሪክ ሽሙጥ ይመስላል።)

የቀድሞ ሰዎች ለምን ሁለቱንም አስፈለጓቸው? ወረራው ብቻ ቢሆን እጁ የፈጠነ ሁልጊዜ ባሸነፈ፤ ተራው ብቻ ቢሆን ደግሞ የጦር ሜዳ መልክ ያለው ያ የመጀመሪያ ትርምስ፣ የጨዋታው ነፍስ፣ በቀረ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ሰዎች በሚጋጠሙበት መድረክ ላይ፣ ለሁሉም እኩል የተደነገገው ሥርዓትና አንዱ በቅጽበት የሚፈጥረው ያልታሰበ ብልሃት ሲጋጩ ለየትኛው ይፈረዳል? ፈራጁስ ማን ነው?

ጥያቄው በሌላው ዓለምም ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መኮንን መኮንኖች በካርታ ላይ ጦርነትን የሚለማመዱበትን ክሪግስሽፒል የተባለ ጨዋታ አቀረበ። እያንዳንዱ ሠራዊት በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ፣ ተኩሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በሠንጠረዥ ተወስኖ ነበር፤ ዕድልም በዳይስ ይጣል ነበር። መካከል ላይ ዳኛ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ደንቡ እየበዛ ጨዋታው እንደ ሒሳብ ፈተና ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1876 ጄኔራል ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ ሠንጠረዡንም ዳይሱንም ወደ ጎን አድርጎ፣ ውጤቱን ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ አስተያየት እንዲወስን ሐሳብ አቀረበ። ጨዋታው ፈጠነ። ነገር ግን መጽሐፉ ሲዘጋ መዳኘቱ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ወደቀ፤ ያ ሰውም በማዕረግ ከሁሉ የሚበልጥ መኮንን ነበረ። አንድ የመቶ አለቃ አዲስ ዘዴ ቢፈጥር ጄኔራሉ በወጣትነቱ ያላየው በመሆኑ ብቻ ሊከሽፍበት ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የጦር ጨዋታ ቤተሰብ የተወለደው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲታተም ክርክሩ ወደ ወጣቶች ጠረጴዛ ተሻገረ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ተራኪም ዳኛም ሆኖ ዓለሙን ያቆማል። ፍልሚያ ሲመጣ የገጸ ባሕርዩ ጉልበትና ትጥቅ በቁጥር ተጽፎ ዳይስ ይጣላል። እንግዲህ አንዱ ተጫዋች «በሰይፌ እመታዋለሁ» በማለት ፈንታ «ከጣሪያው በተንጠለጠለው ገመድ ተወርውሬ የድንኳኑን ምሰሶ በእግሬ እገፋና ጠላቶቼን ሁሉ ከሥሩ እቀብራቸዋለሁ» ቢልስ? መጽሐፉ ስለ ድንኳን ምሰሶ አንዳች አይናገርም። ዳኛው ቢከለክል ምናብን ይገድላል። ቢፈቅድና ብልሃቱ ከሰይፉ አሥር እጥፍ ቢጎዳ ግን ከነገ ጀምሮ ሰይፍ የሚመዝዝ አይኖርም፤ ሁሉም ምሰሶ ፈላጊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ኤግዛልትድ የተባለ ጨዋታ ለዚህ መላ አበጀ፤ ድርጊቱን አሳምሮ ለሚተርክ ተጫዋች እንደ ትረካው ውበት ከአንድ እስከ ሦስት ተጨማሪ ዳይስ እንዲሰጠው ደነገገ። ብልሃት ዋጋ ወጣለት፤ ጣሪያም ተበጀለት።

መላው መልካም ይመስላል። ነገር ግን እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ዝምተኛ ተጫዋች መኖሩን አንርሳ። ይህ ሰው አንደበቱ አይፈታም። ስለዚህም ከመጀመሪያው አስቦ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ ገጸ ባሕርዩን ብርቱ ሰይፈኛ አድርጎ ሠርቷል፤ ለዚያም በደንቡ መሠረት ከፍሎበታል። ባልንጀራው ግን ምንም ሳይከፍል በቃል ጉልበት ብቻ ሲበልጠው ያያል። በወረቀቱ ላይ ጀግና የሆነው እርሱ ነው፤ ጨብጨባው ግን ለተናጋሪው ሆነ። እዚህ ላይ ነገሩ የጨዋታ መሆኑ ያበቃል ብዬ አምናለሁ።

ያበቃል ያልኩት ይህንኑ ፍልሚያ እኛ በሸንጎ ስለምናውቀው ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ፣ ተጠየቅ እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። ዋስ ይጠራሉ፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ኩታቸውን እያስተካከሉ፣ ዘንጋቸውን እየሰበቁ፣ ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ እያዋዙ ዳኛውን ይማርካሉ። በመንገድ የሚያልፍ መንገደኛ እንኳ ቆሞ እንዲዳኝ ይለመን ነበርና ሕዝቡ ሁሉ የሙግት ጥበብ ተመልካች ነበረ። ልጆችም በጨዋታ መልክ ይለማመዱት ነበር። ይህን ሥርዓት ከነውበቱ የሚያመሰግኑ ብዙ ናቸው፤ እኔም ውበቱን አልክድም። ሆኖም በሙግቱ መካከል የምትቆመውን አንዲት መበለት ባሰብኩ ቁጥር ምስጋናው ይቀዘቅዝብኛል። መሬቱ የእርሷ ነው፤ ግጥሙ ግን የባላጋራዋ ነው። ነገር አዋቂ ጠበቃ የሚቆምላት ዘመድ ከሌላት እውነቷ ሳይዋዛ ይቀራል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተጻፉ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ወጥተው ሙግቱ በማመልከቻና በመዝገብ ሲተካ ፍርድ ቤቱ ውበቱን አጣ፤ ለዝምተኛው ሰው ግን ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ወረቀት ቆመለት። (ወረቀቱን የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ስንት ያስከፍላል የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው።)

ደግነቱ ያው አሮጌ ሥርዓት ለደካማው አንዲት ቃል አስቀምጦለት ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» የሚለውን። ይህን ለማለት አንደበተ ርቱዕ መሆን አያሻም። ሕፃንም፣ መንተባተብ ያለበትም፣ እንግዳም ሊለው ይችላል። የተባለበት ሰው ዱላውን እንደ ሰነዘረ መቆም ነበረበት። በላ ልበልሃ ወረራው ሲሆን በሕግ አምላክ ተራው ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ይህ ጉዳይ በኒው ሀልፋና በገዳሪፍ ለምንኖር ሰዎች የራቀ ፍልስፍና አይደለም። ኒው ሀልፋ ራሷ በደንብ የተሠራች ከተማ ነች። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ ዋዲ ሀልፋን ሊውጥ በተቃረበ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ሃምሳ ሺህ የሚጠጋ የኑቢያ ሕዝብ ወደዚህ እንዲሰፍር ተደረገ። ከአገራችን ደጋ በሚወርደው በአትባራ ወንዝ ላይ የኻሽም አልጊርባ ግድብ ተሠራ፤ መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው፤ ለአንድ ገበሬ አሥራ አምስት ፈዳን ተመድቦ በጥጥ፣ በስንዴና በለውዝ እኩል እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሹክሪያው፣ ቤጃው፣ ከምዕራብ የመጣው፣ ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው በዚሁ መሬት ተገናኝቷል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉ ተጨምረውበታል።

እንዲህ ያለ ቋንቋው ብዙ የሆነ ሕዝብ በምን ይጫወታል? በሲጃ። አምስት በአምስት የሆኑ ጉድጓዶች በአሸዋ ላይ ይማሳሉ፤ አንዱ ጠጠር፣ ሌላው የቴምር ፍሬ ይይዛል፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ሁለት ሁለት እያደረጉ ይደረድራሉ፣ መካከለኛዋን ጉድጓድ ባዶ ይተዋሉ፤ ከዚያም የተቃዋሚን ጠጠር ከሁለት ጎን እየያዙ ይበላሉ። ከቋራ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ፣ ከዐረብኛ አሥር ቃል የማያውቅ ልጅ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ሊያሸንፈው ይችላል። ደንቡ ራሱ ቋንቋ ሆኗልና። በተረክ የሚሸለም ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ ገና ከመቀመጡ ተሸንፏል። ለምናብ የሚሰጥ ነፃነት ሁልጊዜ ለተናጋሪው፣ ለአገሬው፣ ለባለ ቋንቋው የሚሰጥ ነፃነት እንደሆነ ስደተኛ የሆነ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ደመወዙን ሲከራከር፣ ኬላ ላይ ወረቀት ሲጠየቅ፣ ብልሃቱ ሁሉ በአማርኛ ታስሮ ይቀርበታል።

ታዲያ ደንብ ብቻ ይሁን ልል ነው? አይደለም። ማታ በየቤታችን ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ስሰማ ሐሳቤ ይለወጣል። «እንቆቅልሽ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ተጠያቂው። መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ አሸናፊውም የተሰጠውን አገር ካልወደደው ሌላ ይጨመርልኝ ብሎ ይከራከራል። አገሩን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከሚጠራበት ወገን የተወለደ ልጅ ጎንደርን ያህል ከተማ ለጎረቤቱ ልጅ ሲሰጥ ማን ሊከለክለው ይችላል? በየትኛውስ ደንብ? እዚህ ላይ ምናብ የባለጸጋ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ምንም የሌለው ሰው ብቸኛ ሀብት ይሆናል።

እኔ ወደ ሰንጠረዡ የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የጥንቱ ተጫዋቾች ለብልሃት ክብር ሰጡት እንጂ ሠራዊት አልጨመሩለትም። ንጉሥን በፈረስ ወይም በደር መግደል ያሸንፋል፤ ነገር ግን እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። ደካማ በሆኑት ጠጠሮች፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ የገደለ ግን ይወደስ ነበር። ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደልም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ብርቱው የደካማውን ጠጠሮች ሁሉ ጠራርጎ ከመብላት ይታቀብ ዘንድ ይገደዳል። ደንቡ ኃይለኛውን ያስራል፣ ብልሃተኛውን ያስመሰግናል፤ የብልሃቱ ዋጋ ግን ከተቃዋሚው ኪስ አይወጣም። ከሦስቱ ዳይስ ይልቅ ይህ መላ የሚሻል ይመስለኛል። ለዳኛውም ሥራ ያቃልላል፤ ምስጋናውን የሚሰጠው ዙሪያውን የከበበው ሰው ነውና። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ ያለ ፍርሃት በእርምጃው ላይ አስተያየት ይሰጡ እንደነበር ጽፏል። በፕሩሺያ ጠረጴዛ ላይ ከጄኔራሉ በቀር የሚናገር ዳኛ አልነበረም።

ሲጃም ለዚሁ የሚቀርብ አንድ ደንብ አላት። አንዱ ተጫዋች በሁሉም በኩል ተዘግቶበት የሚያንቀሳቅሰው ሲያጣ ጨዋታው አያልቅም፣ ተራውም ዝም ብሎ አይቃጠልም። የዘጋበት ሰው ራሱ ደግሞ ይጫወትና መንገድ ይከፍትለታል። የትኛውን መንገድ እንደሚከፍት ግን ደንቡ አይናገርም፤ ያንን ለእርሱ ትቶለታል።